ከሞክሼው ጋር የተቀበረችው ኳስ

ቆቦ ውስጥ ሰው ሲያየኝ ይደነግጣል። መልኬ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ክፉም ቢሆን ከተማው ለምዶታል። የሚያስደነግጠው ከብብቴ የማትለየው ሰማያዊ ክላሴር ናት። በዚህች ከተማ የሟቾችን የሕይወት ታሪክ ጽፎ ቀብር ላይ ቆሞ የሚያነበው እኔ ነኝ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ ስወጣ በእጄ የቀረው ንብረት ጥሩ የእጅ ጽሑፍና ሩቅ የሚሰማ ድምፅ ነበር፤ ሁለቱንም ዕድራችን ወረሳቸው። ከዚያ ወዲህ ክላሴሬን ይዤ ከወጣሁ ባጃጅ ነጂው ሁሉ ቀስ ይልና «መምህር፣ ማን ሞተ?» ይለኛል። አንድ ቀን የመብራት ወረቀት ይዤበት ልከፍል ስሄድ አንዲት ሴትዮ ከሩቅ አይታኝ ነጠላዋን ማዘቅዘቅ ጀመረች። ባለቤቴም ብትሆን ክላሴሯን ምግብ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ እንዳላሳርፍ ከልክላኛለች።

የሕይወት ታሪክ አጻጻፍ ለለመደው ከባድ አይደለም። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት» ተብሎ ይጀመራል፤ «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ተብሎ ያልቃል። መሐሉ ላይ «ሰው አክባሪ፣ ታታሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ» ይገባል። ይህን ሁሉ ዓመት ስጽፍ ሰው የማያከብር ሰው አንድም ቀን ቀብሬ አላውቅም። ገበያ ውስጥ በየሳምንቱ የሚሰድቡኝ ሰዎች የት እንደሚሄዱ እንጃ፣ ምናልባት እነሱ አይሞቱም ይሆናል። ባለፉት ዓመታት ደግሞ ልጆቼ ሊሆኑ የሚችሉ፣ አንዳንዶቹም ያስተማርኳቸው፣ ብዙ ወጣቶች ጽፌያለሁ። በእነሱ አልቀልድም። ክላሴሬ ውስጥ ለብቻው በክር የታሰረ ክምር አለ፤ ከታሰረ በኋላ ፈትቼው አላውቅም።

ልነግራችሁ የተነሳሁት ግን በዕድሜያቸው ስለሞቱ ሰው ነው፤ ታሪካቸውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

አንድ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ገና ሳይሞላ፣ የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ታረቀኝ ደወሉ። እሳቸው በስልክ ሰላምታ አያበዙም።

«መምህር፣ አራጋው ይመር አርፏል። ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው፣ አድርስ» ብለው ዘጉት።

ጋሽ አራጋው ጡረታ የወጡ የመንገድ ሥራ ሠራተኛ ነበሩ። ስለ እሳቸው የማውቀው ሁለት ነገር ነው፤ በወጣትነታቸው ሯጭ እንደነበሩና ሰላም ሲሉ ባርኔጣቸውን እንደሚያወልቁ። ከስፖርት ጋር እኔ አልተዋወቅሁም። ትምህርት ቤት ሳለሁ መምህራን ከተማሪ ሲጫወቱ ኮት አስጠብቀውኝ ነበር፤ የተሳተፍኩበት ጨዋታ እሱ ብቻ ነው።

ለቅሶ ቤቱ ደረስኩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በእኛ አገር የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ የሟችን ሚስት አይጠይቅም። ደረቷን እየደቃች ያለችን ሴት «ባልሽ መቼ ተወለደ፣ ምን ሠራ» ማለት ነውር ነው። ስለዚህ ድንኳን ውስጥ ዳር ይዘው ከተቀመጡት ሰዎች ይጠየቃል። ድንኳን ውስጥ ደግሞ ለሟች አንድ ሙገሳ ከተሰጠ በኋላ «አይ፣ ይህ የእሱ አይደለም» ብሎ የሚቀማ የለም። እንዲህ ያለ ክፉ ሰው ከየት ይመጣል? ስለዚህ ሰው ያለውን ይሰጣል፣ እኔ የተሰጠኝን እጽፋለሁ። ይህ አሠራር እስከዚያ ቀን ድረስ አሳፍሮኝ አያውቅም።

«በንጉሡ ጊዜ ደሴ ድረስ ሄዶ ሮጧል» አለኝ አጠገቤ የተቀመጠ ሽማግሌ። ጻፍኩ።

«ሪጎሬውን ጻፍከው?» አለኝ ከኋላዬ ሌላው። «ቆቦና ዋጃ ጎብዬ ሜዳ ላይ የገጠሙ ዕለት፣ በደርግ ጊዜ፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ያዳናትን ፍጹም ቅጣት ምት። እሷን ሳትጽፍ እንዳትነሳ።»

«በረኛም ነበሩ እንዴ?»

«አራጋው ይመር አይደል እንዴ የሞተው? ቆቦ ውስጥ በረኛ ማለት እሱ ነው።»

ሯጭ እንዴት በረኛ ይሆናል ብዬ አንድ አፍታ አሰብኩ። እኔ እንደሰማሁት በረኛ ማለት ከሜዳው ሰው ሁሉ የማይሮጠው ነው። ግን የድሮ ሰው ሁሉን ይሠራ ነበር ብዬ ራሴን አሳመንኩና ጻፍኩ። ይህን ጊዜ ስልኩን ሲጎረጉር የቆየ አንድ ጎልማሳ ቀና ብሎ «መምህር፣ አራጋው ይመር ለታዳጊ ብሔራዊ ቡድንም ተመርጧል፣ ይኸው ተጽፏል» አለኝ። መቼ ብዬ አልጠየቅሁም። በዚያ ላይ ሰዓቱ አራት ከሩብ ሆኖ ነበር።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቆሜ ሳነብ በሕይወቴ እንዲያ አንብቤ አላውቅም። ሩጫውን በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፍኩት፤ ሩጫ ምኑ ይጻፋል፣ ሰው ተነስቶ ሄዶ ደረሰ ነው። ሪጎሬውን ስጽፍ ግን ብዕሬ አላረፈችም ነበር። «የጎብዬ ሜዳ አቧራ ሳይቀር ባለበት ቆመ» ብዬ አነበብኩ። «ጋሽ አራጋው ተወረወሩ፤ ኳሷ ከእጃቸው ላይ ቀረች፤ ቆቦም ዳነች።» ሴቶቹ «ወየው አራጋው» ብለው ጮኹ። ታዳጊ ብሔራዊ ቡድኑ ላይ ስደርስ ከኋላ የቆሙ ወጣቶች ቀና ብለው ተያዩ። ልባቸው ተነክቶ መስሎኝ ድምፄን ጨመርኩ።

ቀብሩ አልቆ ስወጣ ሙስሊም ጎረቤቶች ከግቢው ውጭ ዋርካው ሥር ቆመው ይጠብቁ ነበር፤ ወሎ ነውና ማንም ከማንም ቀብር አይቀርም። ከመካከላቸው ቅንድባቸው ላይ ዱቄት የቀረባቸው አንድ አዛውንት ወደ እኔ መጡ። ባለወፍጮው ናቸው። ሃያ ዓመት እህላችንን ሲፈጩልን «አያ» እያልኩ ኖሬያለሁ፤ ሙሉ ስማቸውን ጠይቄ አላውቅም።

«መምህር፣ ደህና አነበብክ» አሉኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ አያ።»

«ኳሷን ግን ከሞክሼዬ ጋር ቀበርካት።»

የሚሉት አልገባኝም። ቀኝ እጃቸውን አንስተው ሌባ ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። ጣቷ ከመሐሏ ወደ ጎን ተጣማለች፤ እኔ ላይ የተቀሰረች ቢሆንም የምታመለክተው አጠገቤ የቆመውን የባጃጅ ነጂ ነበር። ነጂው ደንግጦ ወደ ኋላ አለ።

«አራጋው ይመር እኔ ነኝ» አሉ። «የሞተውም አራጋው ይመር ነው። እሱ ሮጠ፣ እኔ በር ላይ ቆምኩ። ይችን ጣት የዋጃው ልጅ በዚያች ኳስ ነው የሰበራት። ሞክሼዬ ጎብዬ ሜዳን ረግጦትም አያውቅ፣ ነፍሱን ይማረውና።»

ለካ ሃያ ዓመት ሙሉ ወፍጮው እየጮኸ ይህንኑ ሲነግሩኝ ኖረዋል፤ እኔ ስለ ማሽላ የሚያወሩ መስሎኝ ራሴን ስነቀንቅ።

«እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ወረቀት አይነበብም» አሉኝ ቀስ ብለው። «ይታጠባል፣ ይሰገድበታል፣ አፈር ይለብሳል። አልሃምዱሊላህ፣ በዚህ ቅር አይለኝም። ያችን ኳስ ግን እኔው በሕይወት ሳለሁ በአፌ ነበር የምነግራት። እንግዲህ ይህ ሁሉ ሕዝብ ወረቀት ሲነበብ ሰምቶ፣ እኔን ማን ያምነኛል?»

«አብሽሩ አያ፣ አስተካክላለሁ» አልኩ። ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ የተሳሳተ ስጽፍ በዳስተር አጥፍቼ እቀጥል ነበር፤ ያኔም የዚያ ዓይነት ነገር መስሎኝ ነበር።

በሣልስቱ ከጎብዬ ስልክ ተደወለ። አንዲት ሴት ስሜን ሳትጠራ «ልጄን የገደልከው አንተ ነህ?» አለችኝ። እኔ እስከዚያ ቀን የሞተ ጽፌ እንጂ ሰው ገድዬ አላውቅም። ነገሩ ቀስ ብሎ ተገለጠ። ቀብሩ ላይ አንዱ ሳነብ በስልኩ ቀርጾኝ፣ «ለታዳጊ ብሔራዊ ቡድን የተመረጡት አራጋው ይመር አረፉ» የሚለውን ቆርጦ ለቆታል። ጎብዬ ደግሞ ሦስተኛ አራጋው ይመር አለ፤ ገና ሃያ ያልሞላው፣ አዲስ አበባ ኳስ የሚጫወት ልጅ። የተመረጠው እሱ ነው።

በሚኒባስ ጎብዬ ስደርስ የልጁ እናት እቴ ብርቄ ቤት በሰው ተሞልቷል። ልጁ ደውሎ መኖሩን ከነገራት ቆይቷል፤ ለቀስተኛው ግን ከየገጠሩ መምጣቱን አላቆመም። አዲስ ለቀስተኛ እየጮኸ በገባ ቁጥር እቴ ብርቄ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ትዘረጋለች፤ ልጁ ከዚያ ማዶ «አለሁ» ይላል። ሰው ይቀመጣል፣ ንፍሮ ይቀርብለታል፣ ሌላው ይገባል፣ ልጁ እንደገና «አለሁ» ይላል። እኔ በገባሁ ጊዜ ልጁ «አለሁ» ማለት ታክቶት «ያው ነኝ» ማለት ጀምሮ ነበር።

«እኔ ነኝ ያነበብኩት፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት።

እቴ ብርቄ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ለሦስት ሰዓት ያህል ልጅ አልነበረኝም» አለችኝ። «አንተ ክላሴርህን ይዘህ ትሄዳለህ፤ እኔ ግን ያን ሦስት ሰዓት ከውስጤ ላወጣው አልችልም።» ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ልጁ በስልኩ ሰምቶኝ ኖሮ «መምህር» አለ። «አባቴ ስሜን ያወጣልኝ እኮ በበረኛው ነው። ያቺን ሪጎሬ ቆሞ ያየ ሰው ነበር። ለአያ አራጋው ሰላም በላቸው፤ በሕይወት አሉ አይደል?»

«አሉ» አልኩ። በዚያ ቀን አለ የሚባል ሰው መስማት ደስ ይል ነበር።

ቆቦ ስመለስ ነገሩ ሌላ ቦታ ደርሷል። ማሽላዬን ተሸክሜ ወፍጮ ቤት ሄድኩ፤ ሰበቤ ማሽላ ነው፣ የሄድኩት ግን የልጁን ሰላምታ ላደርስ ነው። ሁለት ሴቶች ከአያ አራጋው ሚዛን ፊት ቆመው እህላቸውን ሦስተኛ ጊዜ እያስመዘኑ ነበር። ያ ሚዛን ከቆመበት ጀምሮ ሰው ደግሞ አስመዝኖበት አያውቅም።

«አርባ ዓመት ሙሉ በሌላ ሰው ኳስ ሲመካ የኖረ ሰው» አለች አንደኛዋ፣ እንዲሰሙ አድርጋ።

አያ አራጋው የከረጢቱን አፍ በዚያች በተጣመመች ጣት ይዘው ዱቄቱን ሞሉላት። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ፤ ወፍጮው እየጮኸ ነውና ማን ይሰማኛል ብዬ ዝም አልኩ። እንዲህ ያለ ፈሪ ነኝ። እስከ ዛሬ ያን ወፍጮ ባሰብኩ ቁጥር ፊቴ ይቀላል።

በማግስቱ ጋሽ ታረቀኝ ዘንድ ሄድኩ። የዕድሩ ዳኛ ናቸውና ሕዝብ ሰብስበው እርማት እንድናገር ይፈቅዱልኛል ብዬ ነው።

«መምህር፣ አስከሬን ፊት የተነበበ ታሪክ አይነሳም» አሉኝ። «ዛሬ ኳስ ከመለስን ነገ 'ሰው አክባሪ' የሚለውን መልሱ የሚል ይመጣል። ያኔ ዕድሩ ይበተናል።»

እውነታቸውን ነው፣ ይበተናል። ልወጣ ስል ደግሞ ጨመሩልኝ፤ «የሟቹ ልጆች ሐውልት አዘዋል እኮ፣ ዋጃ ያለው ድንጋይ ጠራቢ ዘንድ። ያነበብከውን ወረቀት ኮፒ እኔ ነኝ የሰጠኋቸው።»

ባጃጅ ተሳፍሬ ወደ ዋጃ ስበር በመንገዱ ግራና ቀኝ ማሽላው ፍሬ ይዞ ቆሟል፤ አገሩ ሁሉ ሥራውን በሰዓቱ ይሠራል፣ እኔ ብቻ ነኝ የዘገየሁት። ጠራቢው አስፋልቱ ዳር ተቀምጦ ነበር። ሐውልቱ ስሙ ገና አልተጻፈበትም፤ አናቱ ላይ ግን ከነስፌቱ የወጣለት ኳስ ተጠርቦበታል።

«ይህን ኳስ ማጥፋት ይቻላል?» አልኩት።

«ብፍቀው ድንጋዩ ይጎደጉዳል» አለ። ዞር ዞር ብሎ አየውና «ከላዩ ጥብጣብ ብጨምርበት ግን ሜዳሊያ ይወጣዋል» አለኝ።

ልቤ አልከጀለም አልልም። ሯጭ ነበሩ፣ ሜዳሊያ ቢደረግላቸው ምን ይጎዳል? ከዚያ ግን ስለ ሩጫቸው የማውቀው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ መሆኑ ትዝ አለኝ። ሜዳሊያ ተሰጥቷቸው ይሁን አይሁን አላውቅም። ሁለተኛ ውሸት በድንጋይ ላስጠርብ ነው። «እስከ ነገ አትንካው» ብዬው ተመለስኩ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ያልጠየቅኋት አንዲት ሰው ነበረች። የሟች ሚስት እቴ ዘነበች በሯ ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ክላሴሬን ከኋላዬ ደብቄ፣ የመጣሁበትን ሳልደብቅ ነገርኳት፤ ኳሷ የባሏ እንዳልነበረች፣ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ። ታለቅሳለች ወይም ታባርረኛለች ብዬ ነበር።

«አውቃለሁ እኮ» አለችኝ።

«ታዲያ ሳነብ ምነው ዝም አልሽ?»

«እኔን ማን ጠየቀኝ?»

ተነሥታ ገባችና አንድ ፎጣ ይዛ ወጣች። ዳርና ዳሩ የተተለተለ፣ ቀለሙ የማይለይ ፎጣ ነው። «ደሴ የሮጠ ጊዜ ሁለተኛ ወጣ። አንደኛውን ራዲዮ ሸለሙት፣ እሱን ይህን። ራዲዮው ከተበላሸ ስንት ዘመኑ፣ ፎጣው ይኸው አለ።» ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። «ከዚያ በኋላ የሮጠው ውድድር የለም። ግን መንገድ ሥራ ላይ ሳለ ጧት ጧት ከመኪናው በፊት ጎብዬ ደርሶ ይጠብቃቸው ነበር፣ በእግሩ። እስኪያረጅ ድረስ። ይህን ማን አነበበለት?»

ክላሴሬን ከኋላዬ አውጥቼ መጻፍ ጀመርኩ።

«ኳሷንማ» አለች፣ «ሰው ሁሉ ለእሱ ነበር የሚሰጣት። አውቶቡስ ላይ፣ ገበያ፣ ለቅሶ ቤት፣ 'ሪጎሬውን ያዳንከው አንተ ነህ አይደል' ሲሉት ባርኔጣውን ያወልቅና 'እኔ አይደለሁም፣ ሞክሼዬ ነው፣ ወፍጮ ቤት ታገኘዋለህ' ይላቸዋል። አርባ ዓመት ሙሉ ለባለቤቷ ሲመልስ የኖረውን ኳስ፣ አንተ በአንድ ጧት ይዘህ ከእሱ ጋር ቀበርካት።»

እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶኝ አያውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ ለሞቱ ሰዎች «ታማኝ» እያልኩ ጽፌያለሁ፣ ለሁሉም፣ ሳልመርጥ። አንድ እውነተኛ ታማኝ ሰው እጄ ላይ ሲወድቅ ሌባ አድርጌ ሸኘሁት።

«ድንጋዩንስ?» አልኳት። «ጠራቢው ሜዳሊያ ላድርገው ይላል።»

«ሜዳሊያ አልሰጡትም። ኳሷ ትቆይ። ከሥሯ 'የሞክሼዬ ናት' ብለህ አስጽፍ።»

አርባው ደረሰ። ጋሽ ታረቀኝ እንደማነብ ሲሰሙ ወንበራቸውን አዙረው ጀርባቸውን ሰጡኝ፤ ግን አልከለከሉኝም። ለሙስሊም ጎረቤቶች ለብቻ በተሠራው ዳስ ውስጥ አያ አራጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሰው ከእሳቸው ግራና ቀኝ ትንሽ ራቅ ብሎ ነበር የተቀመጠው። ሩቅ ይሰማል የምለው ድምፄ ያን ቀን ፊት ለፊት ለተቀመጡትም አልደርስ ብሎ ሁለቴ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

መጀመሪያ ሩጫውን አነበብኩ። ደሴን፣ ሁለተኛነቱን፣ ፎጣውን፣ ከመኪናው ቀድሞ የሚደረስበትን የጎብዬ መንገድ፣ ሁሉንም። ቀጥዬ ኳሷን አነበብኩ። የማን እንደሆነች፣ ሟች ስንት ዓመት ሲመልሷት እንደኖሩ፣ እኔ ምን እንዳደረግሁ። ስጨርስ፣ ለቅሶው ቀን ሪጎሬውን የነገረኝ ሰውዬ ጉሮሮውን ጠርጎ «እኔም እኮ ያልኩት አራጋው ይመርን ነው» አለ፤ እውነቱን ነው።

እህሏን ሦስቴ ያስመዘነችው ሴት ወደ አያ አራጋው ሄዳ ጎንበስ ብላ ይቅርታ ጠየቀች። እሳቸው እጇን ይዘው አነሷትና ወደ እኔ ዞሩ።

«መምህር፣ ሩጫውን ድገምልኝ» አሉኝ። «ኳሷንስ አውቃታለሁ።»

ደገምኩት። ፎጣው ላይ ስደርስ እንባቸውን በኩታቸው ጫፍ ሲጠርጉ አየሁ። እኔም አለቀስኩ፤ የሕይወት ታሪክ ሳነብ አልቅሼ አላውቅም ነበር። በኋላ አጠገባቸው ስቀመጥ «ምንም አልተጣላንም፣ ግን አንድ ቀን እንኳ አብረን ሻይ ጠጥተን አናውቅም» አሉኝ። «ሰው በላከልኝ ቁጥር ግን ሰላምታ የላከልኝ ይመስለኝ ነበር።»

ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ አንድ ቅዳሜ እህል ይዤ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ከጎብዬ ወዲያ ካለ ቀበሌ የመጣ ገበሬ ከረጢቱን አውርዶ አያ አራጋውን ትክ ብሎ ያያቸዋል። አንባቢ ሆይ፣ የአርባውንም ንባብ አንዱ ቀርጾት ኖሮ በየስልኩ ይዞራል፤ ቆርጦ የለቀቀው ደግሞ የሩጫውን ክፍል ነው።

«አያ» አለ ገበሬው በወፍጮው ጩኸት ላይ። «አራጋው ይመር እርስዎ ነዎት? ደሴ ሁለተኛ የወጡት? ከመኪና ቀድመው ጎብዬ ይገቡ የነበሩት?»

አያ አራጋው ወፍጮውን አጠፉት። በቀን እየፈጨ ሲቆም ሰምቼው አላውቅም፤ ዝምታው ለጆሮ ይከብዳል።

«እኔ አይደለሁም» አሉ፣ የራስ ቆባቸውን አውልቀው። «ሞክሼዬ ነው።»

«የት አገኛቸዋለሁ?» አለ ገበሬው።

አያ አራጋው እጃቸውን አንስተው በዚያች ጣት ቤተ ክርስቲያኑ ወዳለበት አመለከቱ። ጣቷ ግን ወደ ገበያው ነበር የምታሳየው። ገበሬው አመስግኖ ወደ ገበያው ሊሄድ ሲል ክላሴሬን አንስቼ ተከተልኩትና ትክክለኛውን መንገድ አሳየሁት። የግቢው በር እስክንደርስ ድረስ ከኋላችን ወፍጮው አልተነሳም።